ቃል በሳንቲም

የጋርድነር ጀግና ስድስት ጎራሽ ሽጉጡን ይመዛል። አንደኛዋ ጥይት ግድግዳ ትመታለች፤ ሁለተኛዋ መስተዋት ትሰብራለች፤ ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋና አምስተኛዋ በወንበዴው ጆሮ ግንድ ሥር እያፏጩ ያልፋሉ። ወንበዴው የሚወድቀው በስድስተኛዋ ነው። ኧርል ስታንሊ ጋርድነር ለአሜሪካ ርካሽ መጽሔቶች ይጽፍ በነበረበት ዘመን በታሪኮቹ ውስጥ ይህ እየተደጋገመ ስለመጣ፣ አልሞ ተኳሽ የተባለ ሰው ለምን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻዋ ጥይት እንደሚደርስ ተጠየቀ። ያን ጊዜ የሚከፈለው በቃል 3 ሳንቲም ነበር። እያንዳንዷ «ድው!» 3 ሳንቲም ስለምታወጣ፣ ጀግናው የ15 ሳንቲም ጥይት ሽጉጡ ውስጥ እያለ ውጊያውን እንደማይጨርስ መለሰ።

ይህን መልስ የሚያወሩት አብዛኞቹ ለሣቅ ነው። እኔ የማነሣው ግን በውስጡ የአንድ ሙያ ሙሉ ሒሳብ ስላለበት ነው። በአማርኛ «ቃል» ስንል ሁለት ነገር እንላለን፤ ከአፍ የሚወጣው ቃል አለ፣ የሚገባው ቃል አለ። የዘውግ ልቦለድ ደራሲ፣ ማለትም የወንጀል ምርመራ፣ የስለላ፣ የጀብዱ ወይም ልብ አንጠልጣይ የፍቅር ታሪክ ጽፎ የሚያድር ሰው፣ ሁለቱንም ይሸጣል። ለአዘጋጁ የሚሸጠው የሚቆጠረውን ቃል ነው። ለአንባቢው የሚሰጠው ደግሞ ገና በሽፋኑ ላይ የገባውን ቃል ነው፦ ገዳዩ ይታወቃል፣ ሰላዩ ከወጥመዱ ይወጣል። የዚህ ሙያ ብልሃትም ሆነ ጣጣ የሚጀምረው ሁለቱ ቃሎች አንዱ ሌላውን ሲስበው ነው። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የገባው ቃል ሲፈርስ ምን እንደሚሰማ እኛም እናውቀዋለን። የማሞ ውድነህን የስለላ ትርጉሞችና የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ምርመራ ልቦለዶች ያነበበው ትውልድ ብዙውን ጊዜ ያነበበው ገዝቶ ሳይሆን ከመጽሐፍ አከራይ ተከራይቶ ነው። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽፋኑ ይረግፋል፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ይከተላሉ፤ ይህን ሁሉ አንባቢ ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ የተከራየሁት የወንጀል ታሪክ የጎደለው የመጨረሻ ሦስት ቅጠሉ ነበር። ሁሉም ተጠርጣሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበዋል፤ መርማሪው ጉሮሮውን ጠርጓል፤ ወረቀቱ እዚያ አለቀ። ሌላ ዓይነት ልቦለድ ቢሆን ኖሮ ግማሹን በማንበቤም ብዙ አተርፍ ነበር። ያኛው ግን 200 ገጽ ያህል ያነበብኩትን ሁሉ ይዞብኝ ሄደ። በዚህ ዘውግ መጨረሻው የመጽሐፉ አንድ ክፍል ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ለተበደርነው ነገር ሁሉ ክፍያው ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። ርካሾቹ መጽሔቶች «ፐልፕ» የተባሉት በታተሙበት ወረቀት ምክንያት ነው። ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ፣ ሻካራ፣ ቶሎ ቢጫ የሚሆንና ጠርዙ የሚፈረፈር ወረቀት ነበር። ፍራንክ መንሲ የተባለ አሳታሚ በ1896 «አርጎሲ» የተሰኘ መጽሔቱን ከዳር እስከ ዳር ልቦለድ ብቻ አድርጎ በዚህ ወረቀት እያተመ በ10 ሳንቲም ይሸጥ ጀመር። ሠራተኛው፣ የሱቅ አሻሻጩ፣ ባቡር የሚጠብቀው ሁሉ ገዛው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የጋዜጣ መሸጫዎች በእነዚህ መጽሔቶች ተጥለቀለቁ፤ የከብት ጠባቂዎች፣ የመርማሪዎች፣ የአብራሪዎች፣ የመርከበኞች፣ የጠፈር ተጓዦች መጽሔት ለየብቻው ነበር። የወንጀል ልቦለድን መልክ የቀየረው «ብላክ ማስክ» በ1920 ሲመሠረት መሥራቾቹ ኤች. ኤል. ሜንከንና ጆርጅ ጂን ኔታን ነበሩ። ሁለቱ የሚኮሩበት «ስማርት ሴት» የተባለ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ነበራቸው፤ እሱ ግን አላዋጣ ስላለ እንዲደጉመው ይህን ርካሽ መጽሔት አቋቋሙ፤ ብዙም ሳይቆዩ አትርፈው ሸጡት። «ከፍ ያለ» የሚባለው ሥነ ጽሑፍ «ዝቅ ያለ» በሚባለው ገንዘብ ሲኖር ይህ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አይደለም፤ ግን ተደጓሚው ደጓሚውን ሲያመሰግን ብዙ ጊዜ አይሰማም።

የተለመደው ዋጋ በቃል 1 ሳንቲም ነበር። 5,000 ቃል ያለው ታሪክ ሲሸጥ 50 ዶላር ይገኛል። ካልተሸጠ ደግሞ ደራሲው ራሱ ቴምብር ለጥፎ በላከው ፖስታ ይመለስለታል፤ ያንኑ ወረቀት አስተካክሎ ለሌላ አዘጋጅ ይልካል። አንዳንዱ መጽሔት ታሪኩን እንደተቀበለ ይከፍላል፤ አንዳንዱ እስኪታተም ያስጠብቃል፤ የቤት ኪራይ ግን እስኪታተም አይጠብቅም። በዚህ ዋጋ በብዕሩ ብቻ ለመኖር የፈለገ ሰው ሦስት ነገር ማወቅ ነበረበት፤ ቶሎ መጻፍ፣ ደግሞ ደጋግሞ መጻፍ፣ ከዚያም የጻፈው እንዳይመለስ አድርጎ መጻፍ። የሰው ሁሉ ጉልበት የሚያልቀው በሦስተኛው ላይ ነው።

ጋርድነር የተወለደው በ1889 በማሳቹሴትስ ሲሆን ያደገውና የሠራው ግን በካሊፎርኒያ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ሳይጨርስ፣ በጠበቃ ቢሮ እየሠራ ራሱን አስተምሮ በ1911 የጥብቅና ፈተናውን አለፈ። ኦክስናርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ሌላ ጠበቃ ፊት ለማይሰጣቸው ቻይናውያን ስደተኞች እየቆመ ስም አወጣ። ቀን ፍርድ ቤት ይውላል፤ ማታ ራት በልቶ የጽሕፈት መኪናው ላይ ይቀመጣል። በሁለት ጣት ነበር የሚመታው። ጣቶቹ ሲደሙ ፕላስተር እየለጠፈ ይቀጥል ነበር። ለራሱ የቆረጠው ግብር በዓመት 1,200,000 ቃል ነበር። ይህን ለ365 ቀን ስናካፍለው በየቀኑ 3,300 ቃል ገደማ ይመጣል፤ በዓልና እሑድን፣ ጉንፋንንና ክርክር ያለበትን ቀን ጨምሮ። ይህ ምዕራፍ በሙሉ ለእሱ የአንድ ምሽት ሥራ እንኳ አይሞላም።

ብዛት ብቻውን ግን አልሸጠለትም። በ1923 ቻርልስ ኤም. ግሪን በሚል የብዕር ስም ለ«ብላክ ማስክ» የላከው የአጽም ታሪክ ተመለሰበት። ከረቂቁ ጋር በስሕተት አብሮ የመጣ አንድ ማስታወሻ ነበረ፤ የቢሮው ሰዎች እርስ በርሳቸው የተጻጻፉት፣ ታሪኩን ከላይ እስከ ታች ያብጠለጠለ ነው። ደራሲው እንዲያየው ታስቦ የተጻፈ አልነበረም። እንዲህ ያለ ወረቀት እጁ የገባ ሰው ወይ ተናዶ ይቀደዋል ወይ መጻፍ ይተዋል። ጋርድነር ግን ማስታወሻውን እንደ መማሪያ መጽሐፍ አነበበው። ገንዘብ የሚከፍለው ሰው ደራሲው በሌለበት የተናገረውን እውነት በነጻ አግኝቷልና። ሦስት ሌሊት ተቀምጦ ታሪኩን እንደገና ጻፈው፤ መልሶ ላከው፤ ተገዛ።

ከዚያ ወዲያ ታሪክ እንዴት እንደሚሠራ እንደ ሕግ አጠና። ከካርቶን ክብ ክብ መንኮራኩሮች ቆርጦ በዙሪያቸው አሳቦች ጻፈባቸው። በአንዱ ላይ ነገር የሚያወሳስቡ አጋጣሚዎች፣ በሌላው ላይ ለጀግናው እንቅፋት የሚሆኑ ጥቃቅን ገጸ ባሕርያት፣ በሌላው ደግሞ ጀግናውን የሚያስቱ የሐሰት ዱካዎች ተደርድረዋል። ሲያዞራቸውና አንዱን ከሌላው ሲያጋጥማቸው ቀን ፍርድ ቤት የዛለው አእምሮው መነሻ ያገኛል። የጋርድነር ወረቀቶችና ዕቃዎች ዛሬ ኦስቲን በሚገኘው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሃሪ ራንሰም ማዕከል ተቀምጠዋል። ስለ እነዚህ መንኮራኩሮች ሲሰማ ፊቱን የሚያኮሳትር ሰው አጋጥሞኛል፤ ጥበብ በካርቶን ይወጣል ወይ ይላል። እንጀራ የሚጋግር ሰው ያለበት ቤት ያደገ ግን ይህን አይጠይቅም። ምጣዱ ያው ክብ ነው፣ እርሾው ያው የትናንቱ ነው፣ የሚወጣውም እንጀራ ነው። ጋጋሪዋ የምትለየው በዓይኑ ነው።

ጣቶቹ አልችል ሲሉ ጋርድነር ማስጻፍ ጀመረ። ሦስት እህትማማቾች የቢሮ ጸሐፊዎቹ ነበሩ፤ እሱ ይናገራል፣ እነሱ ይተይባሉ። ሥራውን ራሱ «የልቦለድ ፋብሪካ» ይለው ነበር። በ1933 የመጀመሪያው የፔሪ ሜሰን መጽሐፍ «የቬልቬት ጥፍሮቹ ጉዳይ» የወጣው በዚህ ዓይነት፣ በጥቂት ቀን ከአፉ ወደ ወረቀት ተገልብጦ ነው። ብዙ አሳታሚዎች መልሰውት ነበር። በመጨረሻ የተቀበለው አሳታሚ ይህ ጠበቃ በአንድ መጽሐፍ እንዳያልቅ፣ እንዲቀጥል መከረው። ቀጠለ፤ ከ80 መጽሐፍ በላይ። ርእሶቹ ሁሉ «የእንዲህ ያለው ጉዳይ» የሚሉ ናቸው፤ ንጹሕ ሰው ይከሰሳል፣ ማስረጃው ሁሉ እሱን ያሳያል፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ደግሞ እውነቱ ይፈነዳል። አንባቢው መጨረሻውን እያወቀ ይገዛል። የማያውቀው መንገዱን ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሃያ ዓመት ችሎት የዋለ ሰው ዕውቀት አለ፤ ምስክር በመስቀልኛ ጥያቄ እንዴት እንደሚያዝ፣ ዳኛ መቼ እንደሚሰለች፣ ዓቃቤ ሕግ የቱን ጥያቄ እንደሚፈራ።

ሌስተር ዴንት ደግሞ ይህንኑ ብልሃት በግልጽ ጽፎ ለሌሎች አካፈለ። በኦክላሆማ ቱልሳ የዜና ማሠራጫ ቴሌግራፍ ላይ የሌሊት ተረኛ ነበር፤ በሥራ ሰዓቱ ክፍተት መጻፍ ጀመረ። ቀመሩ ለ6,000 ቃል ታሪክ ነው፤ በአራት እኩል ይከፈላል፣ እያንዳንዱ 1,500 ቃል። በመጀመሪያው መስመር፣ ካልሆነም በተቻለ ፍጥነት፣ ጀግናው መከራ ላይ ይጣላል፤ በሁለተኛው ሩብ መከራው ይጨመራል፤ በሦስተኛውም እንደዚያው፤ በአራተኛው ሊቀበር ሲል በገዛ እጁና በገዛ ብልሃቱ ይወጣል። በየሩቡ መጨረሻ ያልታሰበ ነገር ይመጣል። ዴንት ከ1933 ጀምሮ በ«ዶክ ሳቬጅ» መጽሔት የወጡትን 181 ልቦለዶች አብዛኞቹን ጻፈ፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን ኬኔዝ ሮብሰን ነው። ስሙ የአሳታሚው ንብረት ነበር። «ዘ ሻዶው» የተባለውን ተከታታይ 282 ልቦለድ የጻፈው ዋልተር ጊብሰንም እንዲሁ ማክስዌል ግራንት ተብሎ ነው የታተመው። በየሁለት ሳምንቱ መጽሐፍ ያወጣ ሰው መንገድ ላይ የገዛ መጽሐፉን ሲነበብ እያየ ዝም ብሎ ያልፋል። በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል የሚከብደኝ ነገር የለም። ደመወዝ መቀነስ ያለ ነው፤ ስም መንጠቅ ግን የሠሪውን እጅ ከሥራው ላይ መቁረጥ ነው።

ሬይመንድ ቻንድለር ወደዚህ ገበያ የመጣው ከሁሉም ዘግይቶ ነው። ቺካጎ ተወልዶ እንግሊዝ አገር የላቲንና የግሪክ ትምህርት ተምሮ፣ ሎስ አንጀለስ በነዳጅ ኩባንያ ከፍተኛ ኃላፊ እስከመሆን ደረሰ። በ1932 በመጠጥ ምክንያት ከሥራው ተባረረ። ዕድሜው 44 ነበር፤ ጊዜውም ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ነው። የነዳጅ ኃላፊ የነበረ ሰው ርካሾቹን መጽሔቶች እየገዛ ማንበብ ጀመረ፤ ከዚያም እንደ ጀማሪ ተማሪ ልምምድ ያዘ። ያደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ለማድረግ ግን ትሕትና ይጠይቃል። ከጋርድነር ታሪኮች አንዱን ወሰደ፤ ፍሬ ነገሩን በዝርዝር በማስታወሻ ቀዳ፤ መጽሔቱን ዘግቶ ከማስታወሻው ታሪኩን ራሱ ጻፈው። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የት እንደላላ አየና እንደገና ጻፈ፤ እንደገናም። ለሽያጭ ሊያቀርበው እንደማይችል ስለሚያውቅ ከዚህ ሁሉ ድካም አንድ ሳንቲም አልጠበቀም። ከዓመታት በኋላ ለራሱ ለጋርድነር በደብዳቤ ነገረው። መጻፍ የሚማርበት መንገድ የሚጠይቀኝ ወጣት ባገኘሁ ቁጥር የምነግረው ይህንን ነው፤ የቅኔ ተማሪም ቢሆን የራሱን ከመዝረፉ በፊት የመምህሩን ቅኔ እየፈታ እንጂ ባዶ ብራና ላይ አፍጥጦ አልተማረም።

ቻንድለር የመጀመሪያ ታሪኩን ለመጨረስ አምስት ወር ፈጀበት። 18,000 ቃል ነበር፤ «ብላክ ማስክ» በታኅሣሥ 1933 አወጣውና 180 ዶላር ከፈለው። በወር ሲታሰብ 36 ዶላር ነው። ጋርድነር በዕለት ግብሩ ቢሄድ ያንኑ 18,000 ቃል ከስድስት ቀን ባነሰ ጊዜ ይጨርሰው ነበር። አከፋፈሉ ለሁለቱም ያው ነው፤ አዘጋጁ ለላብ ሳይሆን ለቃል ይከፍላል። ታዲያ ቻንድለር ለምን ይህን ያህል ተንቀረፈፈ?

ምክንያቱን ራሱ ደጋግሞ አስረድቷል። አዘጋጆች ከታሪኮቹ ላይ መልክ የሚስሉ፣ ስሜት የሚያነሡ መስመሮችን ይሰርዙበት ነበር፤ አንባቢ የሚፈልገው ተኩስ ነው፣ ይህ ያቀዘቅዘዋል ይሉታል። እሱ አልተቀበለም። አንባቢ ተኩስ የሚፈልግ ይመስለዋል እንጂ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው ባይ ነበር። የሰጠው ምሳሌ ዛሬም አይረሳኝም፤ ሰውዬው ሊሞት ነው፣ የሚያስጨንቀው ግን ሞቱ አይደለም፤ ከለሰለሰ ጠረጴዛ ላይ አንዲት የወረቀት ክሊፕ ሊያነሣ ይሞክራል፣ ጣቶቹ ግን እየተንሸራተቱ እንቢ ይሉታል። ሞቱን ሳያስበው ሞት ይመጣበታል። ተኩሱን የረሳ አንባቢ ጣቶቹን አይረሳም።

ስለዚህ ቻንድለር ራሱን የሚያስገድድበት ዘዴ አበጀ። ቢጫ ወረቀት ለሁለት ይቆርጣል፤ በእያንዳንዷ ግማሽ ላይ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት መስመር ብቻ ይተይባል። በእያንዳንዷ ቁራጭ ላይ አንድ የሚያበራ ነገር መኖር አለበት፤ ከሌለ ትጣላለች። ወረቀቷ ትንሽ ስለሆነች መጣሏ አያሳሳም፤ ሙሉ ገጽ ቢሆን ግን ሰው ላቡን አይቶ ያስቀረዋል። ሌላም ደንብ ነበረው፤ በቀን ቢያንስ አራት ሰዓት ሌላ ምንም ሳይሠራ መቀመጥ። መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ በመስኮት ማየት ይችላል፣ መሬት ላይ መንከባለል ይችላል፤ ማንበብ፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ቼክ መፈረም ግን ክልክል ነው። ከመሰላቸት የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ እንዲቀር ማድረጉ ነው። ይህ ደንብ ከጋርድነር የቃል ቁጥር ጋር ሲተያይ ተቃራኒ ይመስላል፤ ሁለቱም ግን ስሜት እስኪመጣ ጠብቆ የሚጽፍ ሰው እንደማይበላ ያውቃሉ።

ቻንድለር የሳንቲሙንም ነገር አልረሳም። በ1939፣ በ50 ዓመቱ፣ «ዘ ቢግ ስሊፕ» የተባለ የመጀመሪያ ልቦለዱን ሲያወጣ ከሁለት አሮጌ የመጽሔት ታሪኮቹ ገንጥሎ፣ አጣብቆ፣ ሰፍቶ ነው የሠራው። ስፌቱ አንድ ቦታ ላይ ተተረተረ። በታሪኩ ውስጥ አንድ ሹፌር ከነመኪናው ባሕር ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ፊልሙን የሚሠሩት ሰዎች ይህን ሰው ማን ገደለው ብለው ደራሲውን ሲጠይቁት እሱም አላወቀም። በወንጀል ልቦለድ ሕግ ይህ ትልቅ ዕዳ ነው፤ ብዙ አንባቢ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቀውም። ቻንድለር የገባው ቃል ሌላ ስለነበረ ይመስለኛል፤ ገዳዩን ሁሉ አሳያችኋለሁ አላለም፤ ይህች ከተማ ምን እንደምትሸት አሳያችኋለሁ አለ፣ አሳየም።

አጋታ ክሪስቲ ግን እንዲህ ያለ ዕዳ አታውቅም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር። መርዝና መድኃኒት በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ የሚለያቸው መጠን ብቻ መሆኑን እዚያ አየች። የመጀመሪያ መጽሐፏን በ1916 ጽፋ በየአሳታሚው ስትልክ ኖራ በ1920 ታተመላት። አሳታሚው በፍርድ ቤት የሚያልቀውን መደምደሚያ አስቀየራት፤ ችሎት ውስጥ እንዲያ አይወራም አላት። ያገኘችው ገንዘብ 25 ፓውንድ ነበር፤ ያውም መጽሐፉ በጋዜጣ በተከታታይ ከወጣበት ድርሻዋ። ውሉ ደግሞ ተጨማሪ አምስት መጽሐፍ ለዚያው አሳታሚ እንድትሰጥ ያስራታል። የመጀመሪያ መጽሐፉ በመታተሙ ደስታ ዓይኑ የተጋረደ ሰው ውል አያነብም፤ እሷም በኋላ ተጸጽታበታለች፤ አምስቱን ጨርሳ ወደ ሌላ አሳታሚ ሄደች።

ክሪስቲ ከኋላዋ 73 ማስታወሻ ደብተሮች ትታለች። ተራ የተማሪ ደብተሮች ናቸው፤ የመርዝ ስም፣ የሚገዙ ዕቃዎች ዝርዝርና «ገዳዩ እሱ ባይሆንስ?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ተቀላቅለውባቸዋል። ሥራዋን ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ እንደሚፈታ ሹራብ ማየት ይቻላል። ፍንጭን ከአንባቢ መደበቅ ቀላል ነው፤ አለመናገር ነው። እሷ የምትኮራበት ግን እየተናገሩ መደበቅን ነው። ምሳሌ በእኛ ቤት ልስጥ። እንግዶች ቡና ሊጠጡ ተቀምጠዋል። አንዷ ስለ ልጇ ሠርግ ታወራለች፤ ጎረቤት በጩኸት ይገባል፤ ስኳር ሲዞር ጋሼ እጃቸውን ሲኒው ላይ ይከድናሉ፣ ቡና ያለ ስኳር እንጂ አይጠጡም፤ ወዲያው ሲኒ ወድቆ ይሰበራል፣ ሁሉም ይጮኻል። ጋሼ በማግሥቱ ይሞታሉ። 150 ገጽ ቆይቶ ሐኪሙ መርዙ የተገኘው ስኳሩ ውስጥ ነው ሲል፣ አንባቢው ስኳር የማይጠጣ ሰው በስኳር እንዴት ይሞታል ብሎ መጠየቅ ነበረበት። አልጠየቀም፤ የተሰበረውን ሲኒ እያየ ነበር። ፍንጩ አልተሰወረበትም፤ በእጁ ላይ ተቀምጦለት ሌላ ቦታ እንዲያይ ተደረገ። በ1926 ያወጣችው «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» አንዳንድ አንባቢዎችን ያስቆጣው በዚሁ ነው፤ አታለለችን አሉ። ላላነበባችሁት አልነግራችሁም፤ ግን ሁለተኛ ስታነቡት አንድም ዓረፍተ ነገር አለመዋሸቱን ታያላችሁ።

በ1930 ለንደን ውስጥ የወንጀል ልቦለድ ደራሲዎች ማኅበር ሲቋቋም አዲስ አባል በራስ ቅል ላይ እጁን ጭኖ ይምል ነበር። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ጂ. ኬ. ቼስተርተን ነበር፤ ክሪስቲም በኋላ ይህን ቦታ ለረጅም ዓመታት ይዛለች። መሐላው መርማሪያቸው ወንጀሉን በአእምሮው እንጂ በራእይ፣ በግምትና በአጋጣሚ እንዳይፈታ፣ ወሳኝ ፍንጭም ከአንባቢ እንዳይደበቅ ያስገድዳል። ሥርዓቱ ጨዋታ ነበረበት፤ መሐላው ግን የእውነት ነው። የሚቆጠረውን ቃል ለመሸጥ የሚበቃ ሰው ሞልቷል፤ ማኅበሩ የጠየቀው የሚጠበቀውን ነው።

ይህ ሙያ ስለሚጠይቀው ጉልበት አንድ ሰው ልጨምር። ቤልጅየማዊው ጆርጅ ሲመነን፣ የኢንስፔክተር ሜግሬ ደራሲ፣ አንድ ልቦለድ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ይመረመር ነበር። የሰዎቹን ስም ከስልክ ማውጫ ለቅሞ፣ ዕድሜያቸውንና አድራሻቸውን በትልቅ ፖስታ ጀርባ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ በር ዘግቶ በቀን አንድ ምዕራፍ ይጽፋል። ሰው አያገኝም፣ ስልክ አያነሣም። ከአሥራ አንድ ቀን ገደማ በኋላ መጽሐፉ ያልቃል። መካከል ላይ ታምሞ ለሁለት ቀን ቢቋረጥ የጻፈውን ሁሉ ይጥለዋል። በሰዎቹ ቆዳ ውስጥ እየኖረ ከዚያ በላይ መቆየት እንደማይችል ይናገር ነበር። በራሱ ስም ብቻ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ልቦለድ አውጥቷል፤ ይህ ሁሉ በቀላሉ የመጣለት የሚመስለው ሰው የሐኪሙን መሣሪያ ያስታውስ።

ርካሾቹን መጽሔቶች የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወረቀት እጥረት አዳከማቸው፤ ኪስ የሚገባው መጽሐፍና ቴሌቪዥን በ1950ዎቹ ጨረሷቸው። ብዙዎቹ ደራሲዎች ስማቸው ከወረቀቱ ጋር ረገፈ። ጋርድነር ተረፈ፤ ፔሪ ሜሰን ከ1957 እስከ 1966 በቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ አስቀድሞ ግን ሌላ ነገር መጥቶበት ነበር። በ1948 ከ«አርጎሲ» አሳታሚ ከሃሪ ስቲገር ጋር ሆኖ በመጽሔቱ ላይ አዲስ ዓምድ ከፈተ፤ ስሙን «የመጨረሻው ይግባኝ ችሎት» አለው። በሐሰት ተፈርዶባቸዋል የሚባሉ እስረኞችን መዝገብ የወንጀል መርማሪዎች፣ የሕግ ሰዎችና የሕክምና ባለሙያዎች ያለ ክፍያ እየመረመሩ ያገኙትን ለአንባቢ ያቀርባሉ። ከየወህኒ ቤቱ ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር። የደብዳቤዎቹ ጸሐፊዎች የፔሪ ሜሰንን መጽሐፎች ያነበቡ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ንጹሕ ሰው አይፈረድበትም የሚለውን ቃል ደራሲው እንደ ዋዛ የተናገረው አልመሰላቸውም፤ እንዲፈጽምላቸው ጠየቁት።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ክላረንስ ቦጊ የሚባል እንጨት ቆራጭ ነበር። በስፖኬን ከተማ በ1930ዎቹ በተፈጸመ ግድያ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በዋሽንግተን ግዛት፣ ዋላ ዋላ በሚገኘው ወህኒ ቤት ከአሥር ዓመት በላይ ተቀምጧል። ጋርድነር ወደዚያው ሄደ፤ መዝገቡን ገለጠ፣ ምስክሮቹን ፈለገ፣ ያገኘውን ጻፈ። ጽሑፉ የወጣው መንሲ በ1896 በ10 ሳንቲም መሸጥ በጀመረው በዚያው መጽሔት ላይ ነው። በ1948 መጨረሻ የግዛቱ ገዥ ምሕረት አደረገለትና ቦጊ ከወህኒ ቤቱ በር ወጣ።